ከጋፋት እቶን እስከ ምርጥ ምድጃ

በገበያ ቀን ማለዳ በደቡብ ጎንደር ወዳለችው እብናት ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ገና እህል የጫኑት አህዮች ሳይደርሱ፣ ማገዶ አዝለው ጎንበስ ብለው የሚመጡ ሴቶችን ከሩቅ ያያል። ሸክሙ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ጭራሮ፣ አንዳንዱም ኩበት ነው፤ ኩበቱም ባይለቀም ኖሮ ለእርሻው ፍግ ይሆን የነበረ ነው። እነዚህ ሴቶች ስለ ቁጠባ ከማንም ትምህርት አያሻቸውም፤ አንድ እቅፍ እንጨት ስንት እንጀራ እንደሚያወጣ ያውቃሉና፣ ወጡ ሲበስል እንጨቱን ከጉልቻው ሥር ስበው ያጠፋሉ፣ ፍሙንም በአመድ ዳፍነው ለነገ ያሳድራሉ።

መንግሥትና የንግድ ድርጅት ግን በአገራችን ኃይልን መቆጠብ መቼ፣ በምን ግዴታ፣ በማንስ ጉትጎታ እንደ ጀመሩ ብዙዎቻችን የምናውቀው በቁርጥራጩ ነው፤ አንዱ የባሕር ዛፍን መምጣት፣ አንዱ የታክሲ ነጂዎችን አድማ፣ አንዱም የመብራት ፈረቃን ያስታውሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ክር ተሰክቶ ሲነበብ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ ይኸውም ቁጠባ ሥር የያዘው በሁለት ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ነው፤ አንደኛው ባለሥልጣኑ ራሱ በጨለማ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሁለተኛውም ሸክሙን ለምትሸከመው ሴት የሚረዳ መሣሪያ በተሠራላት ጊዜ።

ዘመነ ጋፋት (1847–1860)

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉ በኋላ፣ ከከተማይቱ ብዙ ሳይርቅ በጋፋት መንደር የአውሮፓ ጥበበኞችን አሰፈሩ። ከእነርሱም ዋልድማየርና ሳልሙለርን የመሳሰሉት ለስብከተ ወንጌል የመጡ የእጅ ሠራተኞች ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ የእጃቸውን ጥበብ ፈልገው፣ እንደ ሞሪትዝ ሆል ካሉ ጥበበኞች ጋር ሆነው መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ ከጋፋት እቶን ወጣ።

ነሐስ እንዲቀልጥ ከ900 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ያሻዋል፤ የድንጋይ ከሰል በማይቆፈርበት በዚያ ደጋ ደግሞ ይህን ሙቀት የሚሰጥ ከእንጨትና ከእንጨት ከሰል በቀር ሌላ አልነበረም። ስለ መድፉ ግዝፈት፣ ስለ ጎተቱት ሰዎች ብዛት፣ በመቅደላ አምባ ላይ ስለ መቅረቱ ብዙ ሲነገር ሰምተናል፤ በሥሩ ስለ ነደደው ደን ግን ሲነገር አልሰማሁም። ይህ ዝምታ ከመድፉ ይልቅ ያሳስበኛል፤ ማገዶ በዚያ ዘመን ልክና መስፈሪያ የሌለው፣ እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ከእግዚአብሔር የሚወርድ ጸጋ ሆኖ ይታይ ነበርና። ነገር ግን ጸጋው ያለ ዋጋ አልመጣም፤ ገባሩ ከእህሉና ከማሩ ግብር ሌላ ለጌታው ቤት እንጨት ማቅረብ ግዴታው ስለ ነበረ፣ የቤተ መንግሥቱና የጦር ሰፈሩ እሳት የሚነደው በእርሱ ትከሻ ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ሲወጡ ከተማይቱን በእሳት አቃጠሉ፤ መድፉንም በገደልና በሸለቆ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ከተማን ትቶ መሄድ በነገሥታቱ ታሪክ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት የነገሥታቱ ድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወር የነበረው ስለ ጦርነትና ስለ ግብር ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሺህ ሠራዊት የሰፈረበት አገር ማገዶው ስለሚያልቅ ጭምር ነበር። እንጨት ሲያልቅ የሚወሰደው መፍትሔ ስፍራ መለወጥ ነበር፤ መቆጠብ የሚባል ነገር በሥርዓተ መንግሥቱ አእምሮ ገና አልተፀነሰም።

ባሕር ዛፍ (1879–1928)

ይህ የመዛወር ልማድ የቆመው በአዲስ አበባ ነው። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዐሥራ ጥቂት ዓመት ሳይሞላት በዙሪያዋ ያለው ደን እየተመነጠረ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ሌላ መናገሻ ፈልገው በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የመነጨው ባሕር ዛፍ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ገብቶ ነበር፤ ዛፉም በጥቂት ዓመት ለማገዶ የሚደርስ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ንጉሠ ነገሥቱ እንዲተከል አበረታቱ፤ መኳንንቱም የተከሉትን እየሸጡ ትርፉን ቀመሱ። አዲስ አበባ በቦታዋ ጸናች፤ አዲስ ዓለምም የቤተ ክርስቲያን ከተማ ሆና ቀረች።

ይህ በታሪካችን የመጀመሪያው ታላቅ የኃይል ውሳኔ ነው ብል አልተሳሳትኩም። መንግሥት የእንጨትን እጥረት ፍጆታን በመቀነስ ሳይሆን አቅርቦትን በመጨመር ፈታው፤ መፍትሔውም እጅግ ስለ ሠመረ፣ ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ፣ ወደ ግድብ ሲሻገሩም ጭምር፣ ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። ባሕር ዛፍም ከሸዋ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ በደብረ ታቦርና በእብናት ዙሪያ ለድሀው ገበሬ ቤት መሥሪያው፣ ማገዶው፣ የክፉ ቀን ገንዘቡ ሆነ።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ መሬት 40 በመቶው በደን ተሸፍኖ ነበር የሚለው፣ በየስብሰባው የሚደጋገመው ቃል፣ ሲመረመር ጽኑ ምንጭ አይገኝለትም፤ የሰሜኑ ደጋ ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ማረሻ የገባበት አገር ነው። የጥንቱ ደን በደቡብ ጎንደር ተርፎ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት አፀድ ውስጥ ነው። የደን ሊቁ ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናቱ በዚሁ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምሮ፣ ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው በቅጥሩ ውስጥ እንዴት እንደ ተጠበቁ አሳይቷል። ጠባቂው የመንግሥት ዘብ አልነበረም፤ ምእመናኑ ዛፉን የታቦቱ ልብስ አድርገው ስለሚያከብሩት፣ የወደቀውን ቅርንጫፍ እንኳ ያለ ካህናቱ ፈቃድ አያነሡም ነበር።

መብራት ኃይል (1948–1965)

ኤሌክትሪክ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ግቢ በጄኔሬተር ከበራ፣ በ1904 ዓ.ም. ገደማም በአቃቂ ወንዝ ላይ ትንሽ የውሃ ኃይል ማመንጫ ከተሠራ በኋላ፣ ነገሩ ለብዙ ዓመታት የቤተ መንግሥትና የጥቂት ከተማ ነዋሪ ጌጥ ሆኖ ቆየ። የተለወጠው በ1948 ዓ.ም. ሕዝቡ በአጭሩ «መብራት ኃይል» የሚለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም ነው። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ተነሥቶ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ለተቋቋመው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኃይል ሰጠ።

የደጋው ሰው ይህን ዜና ሲሰማ የራሱ ነገር መሆኑን ምናልባት አላስተዋለም ይሆናል። ዳሩ ግን ጢስ ዓባይን የሚያዞረው ውሃ ከጣና የሚወጣ ነው፤ ወደ ጣና የሚገቡት ጉማራና ርብ ደግሞ ከጉና ተራራ ወርደው፣ ርብም የፋርጣንና የእብናትን አገር አቋርጦ ወደ ፎገራ ሜዳ ይፈስሳል። ስለዚህ በእብናት ዳገት ላይ አንዲት ሴት ከቈረጠችው ቁጥቋጦ ሥር የተሸረሸረው አፈር በክረምት ጎርፍ ወርዶ ሐይቁን ያደፈርሳል። የማገዶውና የመብራቱ ታሪክ በዚህ ወንዝ የተያያዘ ሲሆን፣ በመሥሪያ ቤት ደረጃ ግን ለየብቻ ተከፋፍሎ ሁለቱን አብሮ የሚያስብ አልነበረም። በዚያ ዘመን ብሩህ ተስፋ የነበረው ወንዝን መገደብና ፋብሪካ መትከል ነው፤ ለዚያ ትውልድ ኃይል ተርፎ የሚፈስስ እንጂ የሚጐድል ነገር አልነበረም።

ከየካቲት እስከ ግንቦት (1966–1983)

ተስፋውን ያናወጠው ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ በዐረቦችና በእስራኤል መካከል ጦርነት ተነሥቶ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት አራት እጥፍ ያህል ሲያድግ፣ ድፍድፍ ነዳጅ ከውጭ እያስገባች በ1959 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የዓሰብ ማጣሪያ የምታጣራው ኢትዮጵያ ዕዳው ወደቀባት። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ ጨመረ፤ የታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አደሙ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዋጋው ቢቀነስም እሳቱ አልጠፋም፤ ወታደሩ ተከተለ፤ ዓመቱ ዞሮ በ1967 ዓ.ም. የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት አከተመ።

ስለ አብዮቱ መነሻ ብዙ ተጽፏል፤ የነዳጅ ዋጋ ብቻውን መንግሥት ጣለ ማለትም ሐሰት ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥት ሁሉ የነዳጅን ዋጋ መንካት ሲፈራ፣ ልዩነቱን ከግምጃ ቤት እየደጎመ ሲኖር፣ የዚያ የካቲት ትዝታ ከልቡ አልጠፋም ብዬ አምናለሁ። ፍርሃቱም ዋጋ አስከፈለ፤ እውነተኛ ዋጋውን የማያውቅ ባለ መኪናና ባለ ፋብሪካ ስለ ቁጠባ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውምና።

ከዚያ ሥልጣን የያዘው ደርግ ቁጠባን ያወቀው በትእዛዝ መልክ ነው። ቤንዚን በራሽን ታደለ፤ የከተማው ሰው ሰልፍ ተማረ። በገጠር ደግሞ መሬትና ደን በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ሆኑ፤ ተራሮች ተከለሉ፤ በጎንደርና በወሎ ደጋ ገበሬው በስንዴና በዘይት እየተከፈለው ብዙ ሺህ ችግኝ ተከለ። በመካከሉ 1977 ዓ.ም. መጣ። በዚያ የረኃብ ዓመት ከየወረዳው የፈለሰ ብዙ ሺህ ሕዝብ በእብናት የርዳታ ጣቢያ ተሰብስቦ ሳለ፣ በሚያዝያ ወር ባለሥልጣኖች ሕዝቡን በግድ አስወጥተው ጎጆዎቹን አቃጠሉ። ያን ሰፈር የምናስታውስ ሁሉ የምናስታውሰው በኀዘን ነው፤ የተራቆተ ኮረብታ፣ የነጠፈ ምንጭና የተራበ ሕዝብ አንድ ታሪክ እንደ ሆኑ በዚያ ዓመት በገሃድ ታይቷል።

የተተከለው ደን ግን በሕዝቡ ልብ አልበቀለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ፣ ጠባቂው ከመሸሹ ገበሬው መጥረቢያ አንሥቶ የገበሬ ማኅበሩን ደን በብዙ ስፍራ በጥቂት ሳምንት ጨፈጨፈው፤ ያ ደን ለእርሱ የመንግሥት እንጂ የእርሱ አልነበረም። ቅጥሩን የሚያከብረው የቤተ ክርስቲያን ደን በዚያው ወራት ቆሞ መቅረቱን ሳስብ፣ በትእዛዝ የሚጠበቅና በፍቅር የሚጠበቅ ነገር ልዩነታቸው ይታየኛል።

ላቀችና ምርጥ (1984–2000)

ከዚህ ውድቀት ቀጥሎ የመጣው ዘመን ስሙ ያልገነነ፣ ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የላቀ ሥራ የተሠራበት ነው። የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በዓለም ባንክ ርዳታ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። የመዘኑት ነገር ቀላል ነበር፤ በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ከሚነድደው እንጨት አብዛኛው ሙቀት ምጣዱን ሳይነካ በዙሪያው ወደ ነፋስ ይሄዳል። በገጠር ቤት ከሚነድደው ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ የእንጀራ መጋገር ነው። ከአገሪቱ ጠቅላላ የኃይል ፍጆታ እጅግ የሚበዛው ክፍል ከእንጨት፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት የሚመጣ ስለሆነ፣ ትልቁ ብክነት ከግድቡና ከፋብሪካው ይልቅ በምጣድ ሥር ነበር።

ለከሰል ተጠቃሚው «ላቀች» የምትባለውን፣ ከቆርቆሮና ከሸክላ የተሠራች ምድጃ አወጡ፤ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ የከሰሉን ሩብ ያህል ታተርፋለች። ለእንጀራ ደግሞ «ምርጥ» መጣ። ምርጥ በሲሚንቶና በአሸዋ፣ ወይም በቀይ አሸዋ፣ በቅርጽ ማውጫ ተመትቶ የሚሠራ፣ እየተገጣጠመ ምጣዱን ከብቦ የሚይዝ ምድጃ ነው፤ በኋላው በሚወጣው ሙቀት ላይ ድስት ይጣዳል፤ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ጢሱንም ያሳንሳል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ነገር ግን ጉልቻው መለወጡ ወጡን ባያጣፍጥም የጫካ መንገዱን በግማሽ አሳጠረው፤ በሳምንት አራት ጊዜ ለእንጨት የምትወጣ ሴት ሁለት ጊዜ ብትወጣ ለራሷና ለልጆቿ የሚተርፋት ዕድሜ በገንዘብ አይሰፈርም።

ባለሙያዎቹ ሁለተኛም ብልኅነት ነበራቸው። ምድጃውን በነጻ አላደሉም፤ ቅርጽ ማውጫውን ለግል አምራቾች ሰጥተው፣ ሠርተው እንዲሸጡና እንዲያተርፉ አስተማሩ። በ1990 ዓ.ም. የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በዚህ ሥራ ገብቶ አማራ ክልልን ጨምሮ በልዩ ልዩ ክልሎች አስፋፋው። አስቀድመው የገዙት በከተማ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ፤ እንጨቱን በገንዘብ ይገዙ ስለ ነበረ የምድጃው ዋጋ ቶሎ ይመለስላቸዋል። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያዎቹ ኃይል ቆጣቢ ነጋዴዎቻችን እንጀራ ጋጋሪዎች ሆኑ። የ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ የኢነርጂ ፖሊሲ ቁጠባን በጽሑፍ ሲያሰፍር፣ ወጥ ቤቱ አስቀድሞ ጀምሮት ነበር።

ፈረቃ (1995–2002)

መንግሥትን ራሱን ያስተማረው ድርቅ ነው። በ1995 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ ጎድሎ መብራት በሳምንት አንድ ቀን እየጠፋ ሲከርም፣ ነገሩ እንደ እንግዳ መቅሠፍት ታየ። በ2001 ዓ.ም. ግን የከፋው መጣ፤ የከተማው ፍላጎት ከማመንጫው ቀድሞ አድጎ፣ ክረምቱም ዘግይቶ፣ ፈረቃው በሦስት ቀን አንዴ፣ ቆይቶም አንድ ቀን መብራት አንድ ቀን ጨለማ ሆነ። ዱቄት ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱ፣ ጨርቃ ጨርቁ በየተራው ቆመ፤ አቅም ያለው ጄኔሬተር ገዝቶ ናፍጣ አቃጠለ፤ አቅም የሌለው ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ሰደደ።

መንግሥት በዚያ ጭንቀት ሳለ ከግድብ ሌላ የሚያተርፍ ነገር እንዳለ አየ። በየቤቱ ያለው ቢጫ አምፖል 60 ዋት ይበላል፤ ኃይል ቆጣቢው አምፖል በ15 ዋት ገደማ ያንኑ ያህል ያበራል። ልዩነቱ 45 ዋት ነው፤ አንድ ሚሊዮን አምፖል ማታ አብሮ ሲበራ ትርፉ 45 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ይህም ቆቃ ከሚያመነጨው ይበልጣል። መብራት ኃይል በዓለም ባንክ ብድር በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን አስመጥቶ፣ ሕዝቡ አሮጌውን እያስረከበ አዲሱን እንዲወስድ አደረገ። አንድ ትውልድ በድንጋይና በሲሚንቶ የገነባውን ያህል ኃይል በካርቶን ታሽጎ በሰልፍ ሲታደል አየን። ይህን ዘመቻ ከብዙ ምርቃት ይልቅ አከብረዋለሁ።

በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የ300 ሜጋ ዋቱ ተከዜና የጣናን ውሃ የሚጠቀመው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ሥራ ጀመሩ። ፈረቃው ቀለለ፤ ከእርሱም ጋር ጉትጎታው ላላ።

አዋጅና ታሪፍ (2006–2017)

የሆነ ሆኖ የ2001 ትምህርት በሕግ ተጻፈ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ባለሥልጣንን አቋቁሞ፣ የመሣሪያዎችን የኃይል ብቃት ደረጃ እንዲያወጣ፣ መለያ ምልክት እንዲያስለጥፍ፣ የፋብሪካዎችን አጠቃቀም እንዲያስፈትሽ ሥልጣን ሰጠው። ደረጃ ከሚወጣላቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ ምጣድ መሆኑ ተገቢ ነበር፤ አንዱ ምጣድ ከ3.5 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ፣ በዓውደ ዓመት ዋዜማ ከተማው ሁሉ ሲጋግር ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ከሥሩ ሙቀት የሚያስቀር ነገር ያልተደረገለት ምጣድም ያንኑ የጉልቻውን ብክነት በሽቦ መድገሙ ነው።

ሕጉ ቢኖርም ዋጋው ይቃረነው ነበር። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይነካ ስለ ቆየ፣ ለፋብሪካ ባለቤት አሮጌ ሞተር መቀየር ኪሳራ፣ ኃይል ማባከን ግን ርካሽ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እንዲጨምር ተወሰነ፤ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው ድሀ ግን በኪሎ ዋት ሰዓት 27.3 ሳንቲም እንደ ከፈለ እንዲቀጥል ተደረገ። ሸክሙ ወደ ትልቁ ተጠቃሚ እንዲያዘነብል መደረጉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የመጣ ፍትሕ ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት የግልገል ግቤ 3 ግድብ ውሃ ጎድሎ 476 ሜጋ ዋት ሲጎድል ፈረቃው ተመለሰ፤ ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም በተራ እንዲሠሩ ታዘዙ።

የየካቲት 1966 ጥላም በመጨረሻ ተነካ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አጠቃላዩ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲሰጥ ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ አገር በደስታ ተናወጠች፤ ደስታውም የተገባ ነበር።

በማግሥቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ልጆች ለማታው ችቦ ጭራሮ ያስራሉ፤ እናቶች ድፎ ዳቦ ይደፋሉ፤ ድፎ ዳቦ ደግሞ ከሥር ብቻ በስሎ አይወጣም፤ ከላይም እሳት ይጫንበታል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ በእብናት መንገድ ላይ ከሁሉ የከበደ ማገዶ የሚታዘለው በዚያች ቀን ነው።